ላይሰንሱ በምን ይቆጠራል? ብዙ ተከራይ ለሚያስተናግዱ የክላውድ ኔትወርክ አቅራቢዎች የሶፍትዌር ወጪ መመሪያ

ሰርቨር ሲገዙ ዋጋው ደረሰኙ ላይ ይታያል፤ ኤሌክትሪኩም ቆጣሪ አለው። የሶፍትዌር ላይሰንስ (የመጠቀም ፈቃድ) ዋጋ ግን የሚወሰነው ደረሰኝ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። መሐንዲሱ ክላስተሩን (በአንድ ላይ የሚሠሩትን የሰርቨሮች ስብስብ) ሲነድፍ፣ ፋየርዎሉን ለእያንዳንዱ ተከራይ ለብቻ ላድርገው ወይስ በጋራ ብሎ ሲወስን፣ ባለ12 ኮር (የስሌት ክፍል) ፕሮሰሰር ረከሰ ብሎ ሲያዝዝ፣ ያኔ የዓመታት ሂሳብ ተቆርጦ አልቋል። ከዚያ በኋላ የግዢ ክፍሉ ለጥቂት በመቶ ቅናሽ ወራት ይደራደራል፤ በንድፉ የፈሰሰው ገንዘብ ግን የቅናሹ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ቨርቹዋል ኔትወርክ፣ ራውተር፣ ፋየርዎል፣ ቪፒኤን፣ ሎድ ባላንሰር (ትራፊክን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍል) እና ቨርቹዋል ማሽን በአንድ የጋራ መሠረተ ልማት ላይ ለብዙ ተከራዮች ለሚያከራዩ አነስተኛና መካከለኛ አቅራቢዎች ነው። በስሌቶቹ ውስጥ የሚያገኟቸው የዶላር ዋጋዎች ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ እንጂ የማንም ኩባንያ ዋጋ አይደሉም። በቦታቸው የራስዎን ዋጋ ያስገቡ፤ የስሌቱ መንገድ አይለወጥም።

1. ከዋጋው በፊት መብቱን ያረጋግጡ

አብዛኛው የንግድ ሶፍትዌር የሚሸጠው ገዢው ለራሱ ሥራ እንዲጠቀምበት ነው። ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ሌላ መብት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ውል ይጠይቃል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ኤስፒኤልኤ የሚባል የአገልግሎት አቅራቢዎች ውል አለው፤ አቅራቢው ተከራዮቹ የተጠቀሙበትን በየወሩ ሪፖርት እያደረገ ይከፍላል። አንድ አቅራቢ ለድርጅቶች የሚሸጠውን ተራ ላይሰንስ ገዝቶ ዊንዶውስ ሰርቨር ቢያከራይ፣ ቁጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ ውሉን ጥሷል። ኦዲት ሲመጣ “ከፍለናል” የሚለው መልስ አያድንም፤ የተከፈለው ለሌላ ዓይነት መብት ነውና።

ተከራዩ የራሱን ላይሰንስ ይዞ ሲመጣም እንዲሁ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ የሶፍትዌር አሹራንስ (የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ውል) ወይም የሰብስክሪፕሽን (በየጊዜው የሚከፈልበት) ላይሰንስ ያላቸው ደንበኞች ላይሰንሳቸውን በሌላ አቅራቢ የጋራ ሰርቨር ላይ እንዲያሠሩ ፈቅዷል። አማዞን፣ ጉግል፣ አሊባባና የማይክሮሶፍት የራሱ ክላውድ ግን ከዚህ መብት ውጪ ተደርገዋል። ለአነስተኛ አቅራቢ ይህ እውነተኛ የመወዳደሪያ ዕድል ነው፤ ብዙዎች ደንበኞቻቸውን ስለማይጠይቁ ብቻ ሳይጠቀሙበት ያልፋሉ።

የፋየርዎልና የሎድ ባላንሰር አምራቾችም ለአገልግሎት አቅራቢዎች የተለየ ፕሮግራም አላቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምርት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ይላኩ፦ “ይህን ምርት ከድርጅታችን ውጪ ላሉ ተከራዮች በክፍያ ማቅረብ ይፈቀዳል? የትኛው የውሉ አንቀጽ ይፈቅዳል?” የሻጭ ወኪሉ በስልክ “ችግር የለውም” ቢልዎ አይቀበሉት። አንቀጹን ይጠይቁ።

2. የሚከፍሉበትን ሁሉ በንብርብር ይዘርዝሩ

ከታች ይጀምሩ። ሃይፐርቫይዘር (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚያካፍለው ሶፍትዌር)፣ ከዚያ የኔትወርክ ቨርቹዋላይዜሽኑ፣ የማከማቻ ሶፍትዌሩ፣ የስዊችና የራውተር ሶፍትዌር፣ ፋየርዎል፣ ሎድ ባላንሰር፣ የተከራዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተምና ዳታቤዝ። እነዚህን ማንም አይረሳቸውም። የሚረሱት ከጎን ያሉት ናቸው፦ የመጠባበቂያ ቅጂ ሶፍትዌር፣ የክትትል ሥርዓት፣ የሂሳብ መጠየቂያ ፖርታል፣ የሎግ ማከማቻ፣ የአምራች የድጋፍ ውል።

የሎግ ማከማቻውን ለብቻው አንስቼ ላስጠንቅቅ። ብዙ የሎግ ሶፍትዌሮች የሚያስከፍሉት በቀን በሚገባው ጊጋባይት ነው። ፋየርዎል ደግሞ የፈቀደውንም ያገደውንም ግንኙነት ይመዘግባል። አንድ ተከራይ ከኢንተርኔት የማያቋርጥ የፍተሻ ትራፊክ ቢወርድበት፣ እርሱ ምንም ሳይሠራ የእርስዎ የሎግ ላይሰንስ ያብጣል። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ ከእያንዳንዱ ምርት ጎን “ይህን ቁጥር የሚያሳድገው ማነው?” የሚል ዓምድ ይጨምሩ። መልሱ “እኛ” ከሆነ ወጪው በእጅዎ ነው። “ተከራዩ” ከሆነ ለእርሱ የሚያስከፍሉበት መንገድ ያስፈልጋል። “ከውጭ ያለ ማንኛውም ሰው” ከሆነ ገደብ ያብጁለት፤ ለምሳሌ የታገዱ ግንኙነቶችን በናሙና ብቻ ይመዝግቡ፣ ወይም ወደ ርካሽ ማከማቻ ይምሯቸው።

3. ለእያንዳንዱ ምርት መለኪያውን፣ ዝቅተኛውን መጠንና መቁጠሪያ ቦታውን ይጻፉ

የመመሪያው እምብርት እዚህ ነው። ላይሰንስ በአካላዊ ኮር፣ በፕሮሰሰር ሶኬት፣ በቨርቹዋል ፕሮሰሰር፣ በሚሞሪ፣ በትራፊክ ፍጥነት፣ በቨርቹዋል መሣሪያ ብዛት፣ በተጠቃሚ ወይም በነጥብ ሊቆጠር ይችላል። መለኪያውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ዝቅተኛ መጠን አለ ወይ? የሚቆጠረው የተሸጠው ነው፣ የበራው ነው ወይስ የተገጠመው? የሚቆጠረው ቨርቹዋል ማሽኑ ነው፣ የተቀመጠበት ሰርቨር ነው ወይስ ሊዛወርበት የሚችለው ክላስተር በሙሉ?

መለኪያ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከሃይፐርቫይዘር አምራቹ ከቪኤምዌር የተሻለ ምሳሌ የለም። ብሮድኮም ቪኤምዌርን ጠቅልሎ የገዛው እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2023 ነበር። በቀጣዩ ወር አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለሁልጊዜ የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመ፤ ሁሉም በሰብስክሪፕሽን ሆነ። ቀድሞ አቅራቢዎች በአብዛኛው የሚከፍሉት ለቨርቹዋል ማሽኖች በተመደበው ሚሞሪ መጠን፣ በየወሩ በተጠቀሙት ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ መለኪያው የአካላዊ ኮር ብዛት ሆነ፤ አስቀድሞ ቃል በሚገባ መጠንም ታሰረ። ልዩነቱን አስተውሉት። በቀድሞው ስሌት ባዶ ሰርቨር ወጪው ትንሽ ነበር። በአዲሱ ባዶውም ሙሉውም እኩል ያስከፍላል። ስንት አቅራቢ ለዓመታት በሚሞሪ ላይ ተመሥርቶ የገነባው የዋጋ ዝርዝር በአንድ ደብዳቤ ትርጉም አጣ!

ዝቅተኛው መጠንም ገንዘብ ነው። በዚሁ አሠራር አንድ ፕሮሰሰር 16 ኮር ባይሞላም እንደ 16 ይቆጠራል። ሁለት ባለ12 ኮር ፕሮሰሰር ያላቸው 10 ሰርቨሮች ቢኖሩዎት፣ በእጅዎ ያለው 240 ኮር ነው፤ የሚከፍሉት ግን የ320 ነው። ከያዙት በላይ አንድ ሦስተኛ ለአየር ከፍለዋል። በሌላ በኩል ሁለት ባለ32 ኮር ፕሮሰሰር ያላቸው 5 ሰርቨሮችም 320 ኮር ናቸው፤ የሚያስከፍሉት እኩል ሆኖ 80 ተጨማሪ ኮር ይሰጣሉ። ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ ከ5 ሰርቨሮች አንዱ ሲወድቅ የአቅምዎን 20 በመቶ ያጣሉ፣ ከ10ሩ አንዱ ሲወድቅ ግን 10 በመቶ። ሰርቨር ማሳነስ ላይሰንስን ቢቀንስም ለተጠባባቂ የሚታሰረውን ድርሻ ያሳድጋል። ሁለቱን አብረው ያስሉ።

ቴክኖሎጂው የሚፈቅደውና ላይሰንሱ የሚፈቅደው እንደሚለያዩም ይወቁ። አንዱን ኔትወርክ ለብዙ የሚከፍለው ቪላን 4,094 ክፍልፋይ ብቻ ይሰጣል፤ ቪኤክስላን ባለ24 ቢት መለያ ስላለው ወደ 16 ሚሊዮን ይደርሳል። ይህን የተማረ መሐንዲስ የተከራይ ብዛት ገደብ የለውም ብሎ ያስባል። ነገር ግን በዚያው መሣሪያ ላይ የቨርቹዋል ራውተር ወይም የቨርቹዋል ፋየርዎል ብዛት በላይሰንስ ተገድቦ ሊሆን ይችላል። ገደቡን የሚያውቁት ከተከራዩ ጋር ከመፈራረምዎ በፊት ይሁን።

4. ወጪውን ሊሸጥ በሚችለው መጠን ያካፍሉ

የላይሰንስ ዋጋ በኮር 150 ዶላር በዓመት ነው እንበል። ሁለት ባለ16 ኮር ፕሮሰሰር ያላቸው 10 ሰርቨሮች 320 ኮር ይሆናሉ፤ 48,000 ዶላር። ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ ያቆምና “ኮር በ150 ዶላር ይመጣልናል” ይላል። አይመጣም።

ከ10ሩ ሰርቨሮች አንዱ ሌላው ሲወድቅ የሚተካ ተጠባባቂ ነው። ሁለቱ የማኔጅመንት ሶፍትዌሩንና ትራፊክ ወደ ውጭ የሚያሳልፉትን የጠርዝ ራውተሮች ይይዛሉ። ለተከራይ የሚቀሩት 7 ሰርቨሮች፣ 224 ኮር ናቸው። 48,000ን ለ224 ሲያካፍሉ የአንድ ኮር እውነተኛ ዋጋ 214 ዶላር ከ29 ሳንቲም ይሆናል።

አሁን አንድ አካላዊ ኮር ለ4 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ያካፍላሉ እንበል፤ 896 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር አለዎት። 65 በመቶው ከተሸጠ የአንዱ የላይሰንስ ወጪ በወር 6.87 ዶላር ይሆናል። 30 በመቶው ብቻ ከተሸጠ ግን 14.88 ዶላር ይደርሳል። ተመሳሳይ ሶፍትዌር፣ ተመሳሳይ ውል፣ ከእጥፍ በላይ ልዩነት። ስለዚህ አዲስ አቅራቢ ሊጨነቅበት የሚገባው የመጀመሪያ ጉዳይ ቅናሽ ሳይሆን የመሙላት ፍጥነት ነው። ክላስተሩን ሲጀምሩ በሦስተኛው ዓመት በሚጠብቁት ልክ አይግዙ። ውሉ የሚፈቅድ ከሆነ በትንሽ ጀምሮ በተቀመጠ ዋጋ መጨመር የሚያስችል አንቀጽ ከትልቅ ቅናሽ ይበልጥ ይጠቅማል።

ዋጋዎን ለማውጣት ሁልጊዜ የሚያስቡትን ሙላት ሳይሆን ያለፉትን ወራት እውነተኛ ሙላት ይጠቀሙ።

5. ፋየርዎሉ ለብቻ ወይስ በጋራ?

ለእያንዳንዱ ተከራይ ራሱን የቻለ ቨርቹዋል ፋየርዎል ማቆም ይቻላል። ወይም አንድ ትልቅ ፋየርዎል ውስጥ ለየተከራዩ ክፍል መስጠት ይቻላል፤ ፎርቲኔት ይህን ክፍል ቪዶም፣ ፓሎ አልቶ ደግሞ ቨርቹዋል ሲስተም ይለዋል። ሁለቱም ትክክለኛ ንድፎች ናቸው። የሚለያያቸው መቼ እንደሚረክሱ ነው።

በስሌት እንየው። ለብቻ የሚቆም ቨርቹዋል ፋየርዎል በዓመት 600 ዶላር ነው፤ ከተጠባባቂው ጋር 1,200 በተከራይ። የጋራው ሁለት ትልልቅ መሣሪያዎችን ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ በዓመት 9,000 ዶላር፣ በአንድ ላይ 18,000። በላዩ ለእያንዳንዱ ተከራይ ክፍል በእያንዳንዱ መሣሪያ 150፣ በሁለቱ 300 ዶላር። በ12 ተከራዮች የብቻው 14,400፣ የጋራው 21,600 ዶላር ይሆናል። በ40 ተከራዮች የብቻው 48,000፣ የጋራው 30,000። የሚገናኙት በ20 ተከራዮች ላይ ነው።

የራስዎን የመገናኛ ነጥብ በዚህ መንገድ ያግኙ፦ የጋራውን ቋሚ ወጪ ይውሰዱ፣ ለብቻውና ለጋራው በተከራይ በሚከፈለው መካከል ላለው ልዩነት ያካፍሉ። እዚህ 18,000 ሲካፈል ለ900፣ 20። ከዚያ በ12 ወራት ውስጥ ይህን ቁጥር እንደሚያልፉ በተፈረሙ ውሎች ማሳየት ከቻሉ ወደ ጋራው ይሂዱ። ካልቻሉ በብቻው ይጀምሩ።

ገንዘቡ ብቻ ግን አይወስን። የጋራውን ፋየርዎል ሶፍትዌር ሲያሻሽሉ ሁሉም ተከራይ በአንድ ሌሊት ይነካል፤ የሁሉንም ፈቃድ በአንድ ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው። ባንክና ሆስፒታል የመሳሰሉ ተከራዮች ደግሞ ለብቻ የቆመ መሣሪያ በውል ይጠይቃሉ። የእኔ ምክር ቅይጥ ነው፦ የጋራው ለመደበኛ ተከራይ፣ የብቻው ሙሉ ወጪውን ለሚሸፍን ተከራይ። ሁለት ጥያቄዎችም ለአምራቹ ያቅርቡ፦ ተጠባባቂው ሙሉ ዋጋ ይከፈልበታል ወይ? የቫይረስና የጥቃት መለያ ዝመናዎች ክፍያ በመሣሪያው ነው ወይስ በክፍሉ?

6. በትራፊክ ፍጥነት የሚሸጥ ላይሰንስ

ቨርቹዋል ራውተሮችና ሎድ ባላንሰሮች ብዙ ጊዜ በፍጥነት ደረጃ ይሸጣሉ፤ 200 ሜጋቢት፣ 1 ጊጋቢት፣ 10 ጊጋቢት በሰከንድ እያሉ። እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው የኔትወርክ ሰዎች ሳይቀሩ የሚወድቁበት ወጥመድ አለ።

የኢንተርኔት መስመር ሲገዙ ሂሳቡ ብዙ ጊዜ በ95ኛው ፐርሰንታይል ነው። በየ5 ደቂቃው አንድ ናሙና ይወሰዳል፤ በ30 ቀን 8,640 ናሙናዎች ይሰበሰባሉ፣ ከፍተኛዎቹ 432 ይጣላሉ። ማለትም በወር 36 ሰዓት ያህል ከፍታ በነፃ ያልፋል። ሰዎች ይህን ቁጥር ይዘው የራውተሩን ላይሰንስ ይገዛሉ። የራውተሩ ላይሰንስ ግን ከፍታ አይጥልም፤ ከገደቡ ያለፈውን ፓኬት ይጥላል። ለሂሳብ የማይቆጠሩት 36 ሰዓታት ተከራዩ ስልክ የሚደውልባቸው ሰዓታት ናቸው። ስለዚህ ላይሰንስን በከፍታው ይለኩ እንጂ በፐርሰንታይሉ አይለኩ።

የ5 ደቂቃ አማካይ ራሱ ከፍታን ይደብቃል። ከተቻለ የ30 ሰከንድ ልኬት ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ወር ይሰብስቡ፤ ወር መጨረሻ የደመወዝና የሂሳብ መዝጊያ ትራፊክ ስላለ ሳምንት አይበቃም። ከዚያ አምራቹን ይጠይቁ፦ ገደቡ የሚቆጠረው በአንድ አቅጣጫ ነው ወይስ ገቢና ወጪ ተደምሮ? የተመሰጠረው ትራፊክ ለብቻ ገደብ አለው? ላይሰንሱ በአንድ መሣሪያ የታሰረ ነው ወይስ ከጋራ ቋት ይቀዳል? የጋራ ቋት ካለ ይውሰዱት። የተከራዮች ከፍታ በአንድ ደቂቃ አይገጥምምና፣ 20 ራውተሮች እያንዳንዳቸው በከፍታቸው ልክ ከሚገዙ ቋቱን በጋራ ከፍታ መግዛት ይረክሳል።

7. ሙሉ ሰርቨር የሚያስከፍሉ ላይሰንሶችን በአጥር ይክለሉ

በአስተማማኝነት ብዙ ገንዘብ የሚያድን አንድ እርምጃ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

የዊንዶውስ ሰርቨር ዳታሴንተር እትም የሰርቨሩን አካላዊ ኮሮች በሙሉ ከፍለው ሲያበቁ በዚያ ሰርቨር ላይ ያልተወሰነ ቁጥር ያላቸው ዊንዶውስ ማሽኖችን እንዲያሠሩ ይፈቅዳል። 7 ሰርቨሮች ላይ ዊንዶውስና ሊኑክስ ተቀላቅለው ከተበተኑ፣ ዊንዶውስ የነካውን ሰርቨር ሁሉ ይከፍላሉ። ዊንዶውሶቹን በ2 ወይም 3 ሰርቨሮች ላይ ከሰበሰቡ የሚከፍሉት ለእነዚያ ብቻ ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ማሽኖችን ወደ ሌላ ሰርቨር በራሱ እንዳያዛውር ደንብ ያስሩ፤ ከተቻለ ግን የተለየ ክላስተር ይሥሩ። ደንብ በስህተት ይነሳል፣ የተለየ ክላስተር ግን አይሳሳትም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር በቨርቹዋል ማሽን ሲቆጠር ዝቅተኛው 4 ኮር ነው። ለተከራይ ባለ2 ኮር ዳታቤዝ ከሸጡ የ4 ኮር ከፍለው የ2 ኮር ተቀበሉ ማለት ነው። የአገልግሎት ዝርዝርዎ ውስጥ ከ4 ኮር በታች የኤስኪውኤል ሰርቨር ምርት አይኑር።

ኦራክል ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የኦራክል የክፍፍል ፖሊሲ ቪኤምዌርን የመሰሉ ሶፍትዌሮች የሚሠሩትን ክፍፍል የላይሰንስ መቀነሻ አድርጎ አይቀበልም። ተከራይዎ 4 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ያለው የኦራክል ዳታቤዝ በ8 ሰርቨሮች ክላስተር ላይ ቢያቆም፣ እያንዳንዱ ሰርቨር 32 ኮር ካለው፣ የኦራክል ኦዲተር 256 ኮር ሊቆጥር ይችላል። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የኮር ብዛቱ የሚባዛው በ0.5 ስለሆነ 128 የፕሮሰሰር ላይሰንስ ይመጣል። ፖሊሲው የውል አካል እንዳልሆነ ራሱ ሰነዱ ይናገራል፤ ስለዚህ የሚያስረው የፈረሙት ውል ነው፣ እርሱን ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ። እስከዚያ ድረስ ኦራክል ለሚፈልግ ተከራይ ለብቻው አካላዊ ሰርቨር ይስጡ። በተከራይ ውልዎም ውስጥ ያለ ጽሑፍ ስምምነት ኦራክል መጫን እንደማይፈቀድ ያስፍሩ። ተከራዩ ሳይነግርዎ ቢጭን ጥያቄው ለእርስዎም ይደርሳል።

8. ክፍት ምንጭ ወጪውን ያዛውረዋል

የክላውድ መገንቢያው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ኦፕንስታክ እ.ኤ.አ. በ2010 በናሳና በራክስፔስ ተጀምሮ ዛሬም በአፓቼ ላይሰንስ በነፃ ይገኛል። የኔትወርክ ክፍሉ ኒውትሮን ከቨርቹዋል ኔትወርክ ሶፍትዌሩ ኦቪኤን ጋር ሆኖ የብዙ ተከራይ ኔትወርክን በሚገባ ይሸከማል። ለራውተር ኤፍአርራውቲንግ፣ ለስዊች ማይክሮሶፍት የጀመረውና እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ያለው ሶኒክ አሉ። ለላይሰንስ ምንም ሳይከፍሉ ሙሉ አገልግሎት መገንባት ይቻላል፤ በዓለም ዙሪያ ብዙዎች አድርገውታል።

ክፍያው ወደ ሰው ይዛወራል። ሌሊት ኒውትሮን ቢታመም የሚያክም መሐንዲስ፣ እርሱ ፈቃድ ሲወጣ የሚተካ ሁለተኛ፣ የሚለማመዱበት የሙከራ ክላስተር። በእኛ አገር ይህ ስሌት ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የተለየ ነው። የላይሰንስ ዋጋ ለሁሉም በዶላር ነው፤ የጎበዝ መሐንዲስ ደመወዝ ግን በብር ነው። ለኢትዮጵያ አቅራቢ ገንዘቡን በሰው ላይ ማዋል የበለጠ እንደሚያዋጣ አምናለሁ፤ ያ ገንዘብ ዕውቀት ሆኖ አገር ውስጥ ይቀራል።

ክፍት ምንጭ ሁሉ ግን ለአቅራቢ ክፍት አይደለም። የዳታቤዝ አምራቹ ሞንጎዲቢ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የፍለጋ ሶፍትዌር አምራቹ ኢላስቲክ በ2021፣ የመሠረተ ልማት ማዋቀሪያው የቴራፎርም ባለቤት ሃሺኮርፕ በ2023፣ የዳታቤዝ አምራቹ ሬዲስ በ2024 ላይሰንሳቸውን ለውጠዋል። ለውጦቹ በዋናነት ያነጣጠሩት ሶፍትዌሩን እንደ አገልግሎት በሚሸጡ ላይ ነው፤ ማለትም በእርስዎ ላይ። ለውስጥ ሥራ መጠቀምና ለተከራይ መሸጥ በእነዚህ ላይሰንሶች ዘንድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከለውጦቹ በኋላ በቴራፎርም ምትክ ኦፕንቶፉ፣ በሬዲስ ምትክ ቫልኪ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተወልደዋል። የምርቱን ስም ብቻ ሳይሆን የጫኑትን ቅጂ ቁጥር ከላይሰንሱ ጋር ይመዝግቡ፤ የቆየው ቅጂ በአንድ ላይሰንስ፣ አዲሱ በሌላ ሊሆን ይችላል።

9. ወጪውን ለተከራይ ያካፍሉ

ወጪዎችን ለሁለት ይክፈሉ። ከአንድ ተከራይ ጋር የተያያዘውን፣ ለምሳሌ የብቻ ፋየርዎልን፣ ዊንዶውስንና ኤስኪውኤል ሰርቨርን፣ በሂሳብ መጠየቂያው ላይ በራሱ መስመር ያስቀምጡ። አምራቹ ዋጋ ሲጨምር የጨመረው ማን እንደሆነ ተከራዩ ያያል። የጋራውን፣ ማለትም ሃይፐርቫይዘሩን፣ የኔትወርክ ቨርቹዋላይዜሽኑንና ክትትሉን፣ በመሠረታዊ ዋጋው ውስጥ ያካትቱ።

የጋራውን በምን ያካፍሉት? ላይሰንሱ በኮር ስለሚቆጠር በቨርቹዋል ፕሮሰሰር ማካፈል ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ በሚያልቀው ሀብት ማካፈል ይሻላል። 32 ኮርና 512 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ሰርቨር በአራት ለአንድ ስሌት 128 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ይሰጣል። 16 ቨርቹዋል ፕሮሰሰርና 256 ጊጋባይት የወሰደ ተከራይ የሰርቨሩን ግማሽ ዘግቶ በፕሮሰሰር ስሌት ስምንተኛውን ብቻ ይከፍላል። የቀረውን ፕሮሰሰር የሚገዛ ሌላ ተከራይ ሚሞሪ አያገኝም። እንዲህ ላለው ተከራይ ከሁለቱ ድርሻዎች ትልቁን ያስከፍሉ።

10. ውሉና የቀን መቁጠሪያው

ከአምራች ጋር ሲዋዋሉ ከዛሬው ዋጋ ይልቅ ስለ እድሳቱ ይከራከሩ። የእድሳት ጭማሪ ጣሪያ በመቶኛ ይጻፍ። መለኪያው በውሉ ዘመን እንዳይለወጥ የሚል አንቀጽ ይግባ። ከገደብ በላይ የተጠቀሙት በምን ዋጋ እንደሚሰላ ይገለጽ። ኦዲት በስንት ቀን ማስታወቂያ እንደሚደረግና ማን ወጪውን እንደሚሸፍን ይታወቅ። እርስዎ የአንድ ዓመት ላይሰንስ ይዘው ለተከራይ የሦስት ዓመት የማይለወጥ ዋጋ አይፈርሙ፤ በሁለተኛው ዓመት የአምራቹን ጭማሪ ብቻዎን ይሸከማሉ።

በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ደግሞ የምንዛሪ አንቀጽ የግድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 60 ብር የማይሞላው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በብር የተፈረመ የማይለወጥ ዋጋ የያዘ ማንኛውም አቅራቢ የላይሰንስ ወጪው ወደ እጥፍ ሲጠጋ ገቢው ባለበት ቆመ። በተከራይ ውል ውስጥ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለውን ድርሻ ለይተው ያስቀምጡና ያ ድርሻ ብቻ ከባንክ ምንዛሪ ጋር በየሩብ ዓመቱ እንዲስተካከል ያድርጉ። ዋጋውን በሙሉ ከዶላር ጋር ማሰር ተከራይን ያስፈራል፤ ድርሻውን ብቻ ማሰር ግን ሊብራራ የሚችል ነው። የመንግሥት ተከራዮች በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የዋጋ ማስተካከያዎን እስከ ሚያዝያ ያሳውቋቸው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ጭማሪ በጀት ውስጥ ቦታ አያገኝም።

የእድሳት ሥራው ከማብቂያው 6 ወር በፊት ይጀምር። በመጀመሪያው ወር ቆጠራውን ይሥሩ፦ ያልበሩ ማሽኖች፣ ውላቸው ያለቀ ተከራዮች ፋየርዎሎች፣ ለሙከራ ተሠርተው የተረሱ ራውተሮች ይወገዱ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አማራጭ ምርት በሙከራ ክላስተር ላይ ይሞክሩ፤ መሄጃ ያለው ተደራዳሪ ብቻ ነው የሚሰማው። በአራተኛው ዋጋ ይጠይቁ። የውጭ ምንዛሪ ጥያቄውን ለባንክ ለማቅረብ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ይተው፤ ሰነዱ ተመልሶ ቢመጣ የሚያርሙበት ጊዜ ይኖርዎታል።

በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ደግሞ የእያንዳንዱን ክላስተር የኮር ብዛት፣ የትኛው ዊንዶውስ የት ሰርቨር ላይ እንደነበረ፣ የእያንዳንዱን ራውተር ከፍታና የተከራዮችን ዝርዝር በራሱ የሚያስቀምጥ ስክሪፕት ይጻፉ። ፋይሉን ቀኑን ጠቅሰው ይዘቱ ሊለወጥ በማይችል ማከማቻ ያስቀምጡ፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ያለፉትን ወራት ጭምር ነው፣ ያለፈን ወር ደግሞ ዛሬ መቁጠር አይቻልም።